«ሄል ቤንት»፦ ክፍል ሁለቱ አንባቢን ለምን አጨቃጨቀ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የደራሲዋ የሊ ባርዱጎ «ናይንዝ ሃውስ»፣ ዳርክ አካዳሚያ የሚባለው ዘውግ ልብወለድ፣ በኦክቶበር 2019 ወጣ። ተከታዩ «ሄል ቤንት» በጃንዋሪ 2023 ደረሰ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ያነበበ ሰው ሁሉ ወገን ይዟል። አንዱ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል ይላል። ሌላው የወደደውን መጽሐፍ ቀምተው ሌላ ያስታቀፉት ይመስል ያኮርፋል። መልሶቼ ላይ አድልዎ ብታገኙ አይግረማችሁ፣ እኔም ወገን አለኝ። የታሪኩን ምስጢር የሚያወጣ ጥያቄ ላይ ስትደርሱ አስቀድሜ እነግራችኋለሁ።

ለመሆኑ ዳርክ አካዳሚያ ምንድን ነው?

አሮጌ ዩኒቨርሲቲ፣ ረጅም ካፖርት፣ ሻማ፣ የላቲን ጥቅስ፣ ዝናብ፣ እና አንድ ሬሳ። ቀልዴን አይደለም፣ ባጭሩ ይኸው ነው። ስሙ በ2010ዎቹ አጋማሽ ተምብለር የሚባለው ማኅበራዊ ድረ ገጽ ላይ ተለመደ። በ2020 ሰው ሁሉ በኮሮና ምክንያት ቤቱ ሲቀመጥ ደግሞ ቲክቶክና ኢንስታግራም ላይ ፈነዳ። ካምፓስ የተዘጋባቸው ልጆች ካምፓስን መኝታ ቤታቸው ውስጥ ሠሩት ማለት ይቻላል። የዘውጉ እናት የምትባለው የዶና ታርት «ዘ ሲክረት ሂስትሪ» ግን የ1992 መጽሐፍ ናት።

ልብሱንና ሻማውን ወደ ጎን ብንተወው፣ ውስጡ ያለው ነገር ይህ ነው፦ እውቀት ያማልላል፤ የተማለለው ሰው ደግሞ ሌላውን ሰው ይጎዳል። ባርዱጎ እዚህ ላይ አስማት ጨመረችበት።

የመጀመሪያውን ካነበብኩት ቆየ። ትንሽ ብታስታውሱኝ?

አሌክስ ስተርን ከሎስ አንጀለስ የመጣች የ20 ዓመት ልጅ ናት። ትምህርቷን አቋርጣ ከዕፅ ሻጮች ጋር ትኖር ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ የሙታንን መንፈስ ታያለች፣ ማንም አያምናትም። አንድ ሌሊት አብረዋት የነበሩት ሁሉ ተገደሉ። እሷ ብቻ ተርፋ ሆስፒታል ስትነቃ፣ ከዬል ዩኒቨርሲቲ የመጣ ዲን ይጠብቃታል። ውሉ ቀላል ነው፦ ዬል በነፃ ትማሪያለሽ፣ በምትኩ ዓይንሽ ለእኛ ይሠራል።

ሥራዋ ስምንት ምስጢራዊ የተማሪ ማኅበራት አስማት ሲሠሩ መቆጣጠር ነው። የሚቆጣጠረው ቤት ሊቲ ይባላል። ዘጠነኛው ቤት፣ «ናይንዝ ሃውስ» የተባለው፣ እሱ ነው። አሠልጣኟ ዳርሊንግተን የድሮ ባለሀብት ቤተሰብ ልጅ ነው፣ ገንዘቡ አልቆ ትልቁ ቤት ብቻ የቀረለት። ጨዋ፣ መጽሐፍ የጠገበ፣ አስማትን ከልቡ የሚወድ ልጅ። እሱ በድንገት ይጠፋል። «ናይንዝ ሃውስ» ሲያልቅ አሌክስ ሲኦል ውስጥ እንዳለ ታምናለች፣ ልታወጣውም ትነሳለች። ሁለተኛው መጽሐፍ ነገሩን ከዚያ ይቀጥላል።

ሁለተኛውን ብቻ ባነበውስ?

አይሆንም። ማን ከማን ጋር ለምን እንደተኳረፈ እንኳን አይገባችሁም።

ዋናው ጭቅጭቅ ምንድን ነው?

ፍጥነቱና ቦታው።

«ናይንዝ ሃውስ» ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ምዕራፎቹ በሁለት ጊዜ መካከል ይመላለሳሉ፦ አሌክስ በክረምቱ፣ ዳርሊንግተን ባለፈው መጸው። ስሞቹ ብዙ ናቸው፣ ማኅበራቱ ብዙ ናቸው፣ ደንቦቹም እንዲሁ። መቶ ገጽ ሳይሞላ ያስቀመጠው ሰው ብዙ ነው። የታገሠው ግን ዓለሙ ውስጥ ይሰምጣል። ማን ማን ነው፣ ይህ ቤት ለምን ይሸታል፣ ይህች ልጅ እንዴት ሞተች እያለ ከአሌክስ ጋር የዬልን ከተማ ኒው ሄቨንን በብርድ ይዞራል።

«ሄል ቤንት» ደግሞ ከመጀመሪያው ገጽ መንገድ ላይ ነው። ሰው ማዳን አለባቸው፤ በር መገኘት አለበት፤ ቡድን መሰብሰብ አለበት። የባንክ ዘረፋ ፊልም አካሄድ አለው፣ የሚዘረፈው ግን ሲኦል ነው። የመጀመሪያው አዝጎት የነበረ አንባቢ እዚህ ላይ እፎይ አለ። በመጀመሪያው የሰከረው ደግሞ ክፍሎቹ የት ገቡ፣ ማኅበራቱስ ብሎ ጠየቀ። እውነቱን ነው። በመጀመሪያው ውስጥ የምናየውን ያህል ሥርዓት በሁለተኛው አናይም።

እኔ ግን ይህ ጭቅጭቅ ከመጽሐፉ ይልቅ ስለ አንባቢው የሚናገር ይመስለኛል። የመጀመሪያው መጽሐፍ የሚከፈትበትን ሥርዓት አስታውሱት። ስከል ኤንድ ቦንስ የሚባለው ማኅበር አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ አስተኝቷል። ሰውየው ከሆስፒታል የመጣ የአእምሮ ሕመምተኛ ነው። ሆዱ ተከፍቷል፣ በሕይወት አለ። ጠንቋዩ አንጀቱን እያገላበጠ የአክሲዮን ዋጋ ያነባል፣ ጸሐፊው ቁጥር ይመዘግባል። ሲያልቅ ይሰፉትና ወደ አልጋው ይመልሱታል። ግድግዳው የሚያምር እንጨት ነው፣ ልጆቹ ካባ ለብሰዋል።

ይህን አንብቦ ካባው የቀረለት አንባቢ አለ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰውዬ የቀረለትም አለ። አሌክስ የምታየው ሰውየውን ነው። ሁለተኛው መጽሐፍ ወደ እሷ ዓይን አደላ። ለዚህ ነው የሻማና የካፖርት ወዳጅ የተከፋው።

አሌክስ በክፍል ሁለት ተማሪ አትመስልም። ያ የሎስ አንጀለስ ነገርስ ምን ያደርጋል?

ብዙ ሰው ቅር ያለው እዚህ ላይ ነው። ኤይታን የሚባል የዕፅ ነጋዴ ከድሮ ሕይወቷ ይመጣና እያስፈራራ ዕዳ አስመላሽ ያደርጋታል። እሷም ከክፍል ወደ ክፍል እንደመሄድ ሰው ልትደበድብ ትሄዳለች። ከሲኦሉ ጉዞ ጋር ምን አገናኘው የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። አንዳንዱ ምዕራፍ በእርግጥም ከሌላ መጽሐፍ የተቀደደ ይመስላል። በተለይ መሃል ላይ፣ ስለ በሩ ለማወቅ ጥፍራችሁን እየበላችሁ ሳላችሁ፣ ሌላ ከተማ ወስዶ ይጥላችኋል።

ቢሆንም ባይኖር አልመርጥም። ነፃ ትምህርት ያገኘ የድሃ ልጅ ያለፈውን ኑሮ በር ላይ አውልቆ አይገባም። ዳርሊንግተን የመጽሐፍ መደርደሪያ ሲያስብ እሷ የምታስበው እናቷን ነው። ብትባረር የምትመለስበት ቤት የላትም። ዬል ለእሷ ህልም ሳይሆን መደበቂያ ነው። በዚህ ዘውግ ውስጥ ያሉ ገጸ ባሕርያት ብዙ ጊዜ ገንዘብ የሚባል ነገር አያሳስባቸውም። የኪራይ ነገር የምታስብ ጀግና ሳገኝ ደስ ይለኛል።

ቫምፓየሩ ከየት መጣ?

ከኤይታን ዕዳ ነው የመጣው፣ ከዚያ በላይ አልናገርም። ሰዎች ተከፋፍለውበታል። መንፈስ፣ ጋኔን፣ ሲኦል ሞልቶ ሳለ ቫምፓየር መጨመር ወጡ ላይ ቅመም ማብዛት ነው የሚሉትን አልቃወምም። ትዕይንቱ ግን ያስፈራል፣ ያን ልንክድ አንችልም።

ዳርሊንግተንን ለማየት ሦስት ዓመት ጠብቄ ለምን እንዲህ ይደረግብኛል?

ይህን የሚጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ እሱንና አሌክስን አጣምረው የሚያዩት ናቸው። ከኦክቶበር 2019 እስከ ጃንዋሪ 2023 ረጅም ነው። በመሃል ባርዱጎ «ሩል ኦቭ ዉልቭስ»ን በ2021 አውጥታለች። በዚያው ዓመት የሌላ ተከታታዮቿ ፊልም ኔትፍሊክስ ላይ ጀመረ። የአሌክስ አንባቢዎች ግን ቁጭ ብለው ዳርሊንግተንን ሳሉት። ፀጉሩን፣ ካፖርቱን፣ ፈገግታውን። ሲጠብቁ ሲጠብቁ ሁሉም በጭንቅላቱ የራሱን ክፍል ሁለት ጻፈ። የታተመው ከዚያ ጋር እንዴት ይግጠም?

መጽሐፉ ደግሞ የሰጣቸው ነገር አስቂኝም አስደንጋጭም ነው። ዳርሊንግተን በገዛ ቤቱ፣ በብላክ ኤልም የጭፈራ አዳራሽ፣ በወርቃማ የብርሃን ክብ ውስጥ ተቀምጧል። ቀንድ አብቅሏል። ራቁቱን ነው። ከክቡ መውጣት አይችልም፣ ግማሹ አሁንም ሲኦል ነው። ያ ሁሉ ጨዋነት፣ ያ ሁሉ ክራቫት፣ መጨረሻው ይህ። አንባቢው ግማሹ በሳቅ ፈነዳ፣ ግማሹ ሌላ ነገር ሆነ፣ ዝርዝሩ ይቅር። ስለ መጽሐፉ የተሠራው ቀልድ ሁሉ ስለዚያ ክብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ፍቅሩን በተመለከተ፦ ቀርፋፋ ነው፣ በጣም። መሳሳም ፈልጋችሁ ከሆነ የገባችሁት ሌላ መደርደሪያ ሂዱ።

ሁሉም የተስማማበት ነገር የለም?

አለ። ዶውስ።

ፓሜላ ዶውስ የሊቲን ቤት የምትጠብቅ የዶክትሬት ተማሪ ናት። ጆሮ ማዳመጫዋ አይለያትም። ሰው ሲያናግራት ትሸማቀቃለች፣ የመመረቂያ ጽሑፏ አያልቅም። ሰው ሲጎዳ ሾርባ ትሠራለች። በመጀመሪያው መጽሐፍ ጥግ ላይ የነበረችው ይህች ልጅ በሁለተኛው የቤቱ ምሰሶ ሆነች። ከአሌክስ ጋር ያላቸው ነገር፣ ሳይፈላለጉ ተጣብቀው የቀሩ የሁለት እህቶች ዓይነት ነገር፣ በሁለቱም ወገን የተወደደ ነው። መርማሪው ተርነር አስማት የሚባል ነገር መስማት አይፈልግም፣ ሱፉ ግን ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። ትሪፕ የሀብታም ልጅ ሆኖ ደግ ነው፣ ቶሎ አይገባውም። መርሲ ደግሞ የአሌክስ የመኝታ ክፍል ጓደኛ። እነዚህ ሁሉ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡ መጽሐፉ ይሞቃል። ማኅበራቱ ናፈቁኝ ያሉትም እንኳ ይህን ክፍል ወደውታል።

የበሩን ነገር አልገባኝም። ምን እየሠሩ ነው? (ምስጢር ይወጣል፣ ያላነበባችሁ እለፉት)

ወደ ሲኦል የሚያስገባው መንገድ ያለው በዬል ስተርሊንግ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። መንገዱን መራመድ የሚችሉት ሰው የገደሉ አራት ሰዎች ናቸው። እና አሌክስ ዙሪያዋን ስታይ፣ የምትፈልጋቸው ሰዎች ቀድሞውኑ አጠገቧ አሉ። እኔ መጽሐፉን እዚህ ላይ ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። ዶውስም? አዎ፣ የመጀመሪያውን መጨረሻ አስታውሱ። አራቱ ሕንፃውን እየዞሩ በየበሩ ደማቸውን ያኖራሉ። መርሲ ወደ ኋላ ትቀራለች፣ የሙዚቃ ምት የሚቆጥረውን ሜትሮኖም ይዛ ትጠብቃቸዋለች። ያ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ነው ወደ ኋላ የሚመልሳቸው ክር።

ሲወርዱ እያንዳንዱ የገደለበትን ቀን እንደገና ይኖራል፣ እኛም አብረን። ስለ ተርነር የምናውቀው ሁሉ በእነዚያ ጥቂት ገጾች ይገለበጣል። ለእኔ የሁለቱም መጽሐፍት ምርጥ ክፍል ይህ ነው። ዳርክ አካዳሚያ የሚያመልከው ቦታ ቤተ መጻሕፍት ነው። ባርዱጎ በሩን እዚያው ከፈተችው።

ቦታዎቹና ማኅበራቱ እውነት አሉ?

ከሊቲ፣ ከብላክ ኤልምና ከአስማቱ በቀር፣ አብዛኞቹ አሉ። ዬል በ1701 የተመሠረተ ነው፤ ያለው ኒው ሄቨን፣ ኮኔቲከት ነው። ስከል ኤንድ ቦንስ በ1832፣ ስክሮል ኤንድ ኪይ በ1842፣ ዉልፍስ ሄድ በ1883 ተቋቋሙ። ሕንፃዎቻቸውን ተማሪው መቃብር ብሎ ይጠራቸዋል። የስከል ኤንድ ቦንሱ ሃይ ስትሪት ላይ ነው፣ ሲያዩት መስኮት የሌለው ይመስላል። አባላቱን ማን መረጣቸው፣ ውስጥ ምን ይደረጋል የሚለው ወሬ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ሁለቱ ቡሾች፣ አባትና ልጅ፣ አባል ነበሩ። በ2004 ምርጫ ጆርጅ ዳብልዩ ቡሽና ጆን ኬሪ ሲፋጠጡ ሁለቱም ከዚያው ቤት የወጡ ነበሩ። ልብወለድ ቢሆን አርታኢው ይሰርዘው ነበር።

ደራሲዋ ራሷ የዬል ምሩቅ ናት፣ የዉልፍስ ሄድም አባል ነበረች። ለዚህ ነው ጎዳናው፣ ፒዛ ቤቱ፣ ብርዱ ሁሉ በልኩ የሆነው።

ስተርሊንግ ደግሞ ታሪክ አለው። ጆን ስተርሊንግ የሚባል የዬል ምሩቅ ጠበቃ ትቶት በሄደው ገንዘብ ነው የተሠራው፣ የተከፈተው በ1931። ሲገቡ ካቴድራል ነው፦ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ባለቀለም መስታወት፣ ግራና ቀኝ ምሰሶ። በመጨረሻ መሠዊያ በሚጠበቅበት ቦታ መጽሐፍ የሚዋሱበት ጠረጴዛ ተቀምጧል። ከበላዩ ዩኒቨርሲቲውን በሴት መልክ የሚያሳይ ሥዕል ተሰቅሏል፣ ልክ እንደ ቅድስት። የመካከለኛው ዘመን ሕንፃ ይመስላል እንጂ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ሀብታም ዩኒቨርሲቲ አሮጌ ለመምሰል ገንዘብ ያወጣበት ነው። ለሲኦል በር ባርዱጎ ሌላ ቦታ ለምን ትፈልግ?

ልጄ የደራሲዋን ሌሎች መጽሐፍት አንብባ ጨርሳለች። 14 ዓመቷ ነው። እነዚህንስ ልግዛላት?

አይግዙላት፣ አሁን አይደለም። ይህ ጥያቄ በተለይ ውጭ አገር ልጅ ከሚያሳድጉ እናቶችና አባቶች ይመጣል፣ ልጆቹ በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት «ሲክስ ኦቭ ክሮውስ»ን ስለሚያገኙ። ያ ለወጣቶች የተጻፈ ነው። «ናይንዝ ሃውስ» ግን የባርዱጎ የመጀመሪያው የአዋቂዎች ልብወለድ ነው። በልጅ ላይ የሚፈጸም አስገድዶ መድፈር አለበት፣ ዕፅ አለበት፣ ራስን የሚያስት አስማት ተጠቅሞ በሴት ላይ የሚፈጸም ግፍ አለበት። በ2019 ገና ከመውጣቱ በፊት እንኳ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበት አይጻፍበት ተብሎ ትልቅ ክርክር ተነስቶ ነበር። ሁለተኛው በዚህ በኩል ትንሽ ይቀላል፣ ደሙ ግን አልቀነሰም። ስሙንና ሽፋኑን አይተው አይወስኑ። እርስዎ ቀድመው ያንብቡትና ይወስኑ።

ሲኦልና ጋኔን የሞላበት መጽሐፍ ሃይማኖተኛ ሰው ሊያነበው ይችላል?

ይህ የሕሊና ጉዳይ ነው፣ የሚፈራ ሰው ይተወው። ለማወቅ ያህል ግን፣ ሲኦሉ ከስብከት ይልቅ ከጣሊያናዊው ገጣሚ ከዳንቴ የተወሰደ ነው። ሊቲ ውስጥ አሠልጣኙ ቨርጂል፣ ሠልጣኙ ዳንቴ ይባላል። ጋኔኖቹም ከሰው ሐዘንና እፍረት የሚመገቡ ፍጡራን ናቸው።

እንዲያውም የእኛ ሰው ለዚህ ዓለም እንግዳ አይደለም። ብዙ የተማረ ደብተራ ከሌላው የተሰወረ ነገር ያውቃል ተብሎ ሲፈራና ሲከበር ሰምተን ነው ያደግነው። ትምህርትና ድግምት በአንድ ጣሪያ ሥር መኖራቸው ለኒው ሄቨን አንባቢ አዲስ ይሁን፣ ለእኛ አይደለም።

ሰው ይህን ያህል ካጉረመረመ መጽሐፉ ወድቋል ማለት ነው?

በፍጹም። «ናይንዝ ሃውስ» በ2019 ጉድሪድስ በሚባለው የመጽሐፍ ድረ ገጽ በአንባቢዎች ድምፅ የፋንታሲ ዘርፍ አሸናፊ ነበር። «ሄል ቤንት»ም በ2023 በዚያው ዘርፍ አሸነፈ። የሚያጉረመርመውም የመረጠውም አንባቢ ነው፣ አንዳንዴም ያው ሰው።

ፊልሙስ?

አማዞን በ2019 ወደ ተከታታይ ፊልም እቀይረዋለሁ ብሎ ነበር። መጽሐፉን አንብቡት።

መጨረሻው አላረካኝም። ምን ሆነ? (ምስጢር ይወጣል)

ዳርሊንግተን ይመለሳል፣ እንደሄደው ግን አይመለስም። ጋኔኑ አብሮት ይቀራል። ሌላ ሰው ደግሞ ዋጋውን ይከፍላል፣ ያውም የማይገባው ሰው። ያ ሞት በጥቂት መስመር ታልፏል የሚለውን ቅሬታ እኔም እደግፋለሁ። እንዲህ ያለ ገጸ ባሕርይ ቢያንስ አንድ ምዕራፍ ሐዘን ይገባው ነበር። መጽሐፉ ግን ይሮጣል፣ እኛም ሳናለቅስለት ተከትለነው ሮጥን። ፍጥነቱን ስከላከልለት ቆይቼ የተሸነፍኩበት ቦታ ይህ ነው።

የመጨረሻዎቹ ገጾች ደግሞ በግልጽ ለሚቀጥለው መጽሐፍ በር ይከፍታሉ። ልብ ሰቅሎ መተው የማይወድ ሰው ይናደዳል። በእኔ ግምት ከ«ናይንዝ ሃውስ» መጨረሻ የባሰ አይደለም፣ ያኛው ሰውየውን ራሱን ሲኦል ውስጥ ትቶት ነበር።

ሦስተኛ ክፍል አለ? ምን ይጠበቃል?

ደራሲዋ የአሌክስ ታሪክ እንደሚቀጥል ተናግራለች። ሦስተኛውን ከመጀመራችሁ በፊት «ሄል ቤንት»ን ደግማችሁ አንብቡት፣ በተለይ የሊቲ የቦርድ ሰዎች የሚናገሩበትን ክፍል ሁሉ። መጀመሪያ ሲያነቡት ተራ የቢሮ ወሬ ይመስላል፣ አይደለም።

እኔ ከሦስተኛው የምጠብቀው ሁለት ነገር ነው። ማኅበራቱ ይመለሱ። ዶውስ ደግሞ ያን የመመረቂያ ጽሑፍ ትጨርስ፣ ሲኦል ይቃጠልም አይቃጠልም።